ዴልሂ፣ አግራ፣ ራንታምቦርና ጃይፑር፦ ቤተ መንግሥትን፣ ገበያንና ዱርን በአንድ የሕንድ ጉዞ ለማየት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ለሕክምና፣ ለትምህርት ወይም ለንግድ ወደ ሕንድ የተመላለሱ ብዙ ወገኖችን አውቃለሁ። አብዛኞቹ ጉዳያቸውን እንደጨረሱ በቀጥታ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ናቸው፤ አገሩን ለማየት ብቻ ብሎ ትኬት የቆረጠ ግን ከመካከላቸው እምብዛም አላጋጠመኝም። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ሰባት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የሚደረስበት ይህ አገር፣ በአንድ ጉዞ ብቻ የነገሥታት ግቢዎችን፣ መርካቶን የሚያስታውሱ ገበያዎችንና በነፃነት የሚዘዋወር ታይገርን፣ ማለትም ባለ መስመሩን ግዙፍ የዱር እንስሳ፣ ሊያሳይ ይችላል። መመሪያው የሚከተለው ዴልሂን፣ አግራንና ጃይፑርን የሚያገናኘውንና በአስጎብኚዎች ዘንድ «ወርቃማው ሦስት ማዕዘን» የሚባለውን መስመር ሲሆን፣ በመካከሉ የባራትፑርን የወፎች ጥብቅ ሥፍራና የራንታምቦርን ብሔራዊ ፓርክ ይጨምራል። ጠቅላላው ጉዞ አሥር ሌሊት ይፈጃል።

ጉዞው የሚሰምረውም ሆነ የሚበላሸው በቀናት አሰላለፍ ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ መርሐ ግብሩን ያዘጋጀልን ድርጅት የታጅ ማሃልን ጉብኝት ዓርብ ላይ አስቀምጦት ኖሮ፣ አግራ ስንደርስ ግቢው ዝግ ሆኖ ጠበቀን፤ ታጅ ማሃል ዓርብ ዓርብ ለጎብኚ አይከፈትም። በማግሥቱ ማለዳ ወደ ጃይፑር መሄድ ስለነበረብን ሕንፃውን ከያሙና ወንዝ ማዶ ካለው መህታብ ባግ ከሚባለው የአትክልት ሥፍራ ቆመን ብቻ አየነው። አብራን የነበረችው እናቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ካየችው በኋላ «ደጁ ድረስ መጥተን?» ያለችው እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ከታች የሚገኘው ቅደም ተከተል በሌላ ቤተሰብ ላይ ያ ቀን እንዳይደገም የተዘጋጀ ነው።

ደረጃ 1፦ ወቅቱን መምረጥ

የራንታምቦር ዋና ዋና ክልሎች በዝናቡ ወራት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 24 እስከ መስከረም 20 ድረስ ለጎብኚ ዝግ ናቸው። በኅዳር ወር የዴልሂ አየር በጭስ ስለሚበከል አስም ወይም የመተንፈሻ ችግር ላለበት ሰው አይመከርም፤ በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ጉሙ ከመበርታቱ የተነሣ ባቡርና አውሮፕላን ለሰዓታት ይዘገያሉ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ አጋማሽ ውሃ ስለሚደርቅና እንስሳቱ ወደ ኩሬዎቹ ስለሚሰበሰቡ ታይገር የማየት ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያለፈ በእብነ በረድ ወለል ላይ መቆም ራሱ ፈተና ይሆናል።

የእኔ ምርጫ የካቲት ነው። ቀኑ ለእግር ጉዞ ይመቻል፣ ጉሙ ሳስቷል፣ ከሩቅ አገር የመጡት ወፎች ከባራትፑር ገና አልተመለሱም። የካቲት ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር መግጠሙ አይቀርም፤ በመሆኑም ስለ ምግብ የሚነሣውን ጉዳይ ከወዲሁ ላንሣ። ሕንድ ሥጋ የማይበላበት አገር ነውና ጾመኛ አይቸገርም የሚለው አነጋገር ግማሹ ብቻ እውነት ነው። እዚያ «ቬጀቴሪያን» የተባለ ምግብ ወተት፣ እርጎ፣ ፓኒር የሚባለው አይብና ጊ የሚባለው የነጠረ ቅቤ ይገባበታል፤ የምስር ወጡ እንኳ ከመቅረቡ በፊት ቅቤ ጠብ ይደረግበታል። ስለዚህ ሲያዝዙ «ጊ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እርጎ የለም» ብለው አንድ በአንድ ይጥሩ፤ ይህንኑም አስጎብኚዎ በሂንዲ በወረቀት ላይ እንዲጽፍልዎ ያድርጉና ለአስተናጋጁ ያሳዩት። በዘይት የተሠራ የአበባ ጎመንና ድንች፣ ሽምብራና ሮቲ የሚባለው ቅቤ ያልተቀባ ቂጣ በየቦታው ይገኛሉ። ሙስሊም ተጓዦች በአሮጌው ዴልሂ በጃማ መስጂድ ዙሪያ ሐላል ሥጋ እንደልብ ያገኛሉ።

ደረጃ 2፦ የማይነቃነቁትን ቀናት አስቀድሞ መትከል

መርሐ ግብር ሲያወጡ ከመጀመሪያው ቀን ተነሥተው ወደ ፊት አይቁጠሩ። በመጀመሪያ ሊለወጡ የማይችሉትን ቀናት በወረቀት ላይ ይትከሉ፤ ሌላው ሁሉ በእነሱ ዙሪያ ይደረደራል። ታጅ ማሃል ዓርብ ዝግ ነው። የዴልሂው ቀይ ግንብ ሰኞ ዝግ ነው። የአሮጌው ዴልሂ የጅምላ ገበያዎች በአብዛኛው እሑድ አይከፈቱም። በራንታምቦር የዱር ጉብኝት መኪና ላይ የሚቀመጡበት ቦታ ደግሞ ከወራት በፊት የሚያዝ ነው። እነዚህን አራት ነገሮች ያገናዘበ አሰላለፍ የሚከተለውን ይመስላል።

ሰኞ ዴልሂ ገብተው ያርፋሉ፤ ማክሰኞ አሮጌው ዴልሂን ያያሉ። ረቡዕ ጠዋት የንጉሠ ነገሥት ሁማዩንን መቃብር ጎብኝተው ከሰዓት በኋላ ወደ አግራ ይነዳሉ፤ ሐሙስ ማለዳ ታጅ ማሃል፣ ከሰዓት በኋላ የአግራ ግንብ ይሆናል። ዓርብ በፋቴፑር ሲክሪ በኩል ባራትፑር ገብተው ያድራሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ወፎቹን አይተው ከሰዓት በኋላ በባቡር ወደ ሳዋይ ማዶፑር፣ ማለትም ወደ ራንታምቦር በር ይሄዳሉ። እሑድ ጠዋትና ከሰዓት እንዲሁም ሰኞ ጠዋት በዱር ውስጥ ይውላሉ፤ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ ጃይፑር ተጉዘው ማክሰኞንና ረቡዕን እዚያ ይቆያሉ። ሐሙስ ወደ ዴልሂ ተመልሰው ማታ ይሳፈራሉ።

ሰባት ቀን ብቻ ያለው ሰው ባራትፑርንና ፋቴፑር ሲክሪን ይተው እንጂ የዱር ጉብኝቱን ወደ አንድ ዙር ዝቅ አያድርግ። አንድ ጊዜ ብቻ ገብቶ ታይገር ሳያይ የሚመለስ ጎብኚ ብዙ ነው።

ደረጃ 3፦ ወረቀቶችን ማሟላት

የአሜሪካ ፓስፖርት የያዙ ወገኖች ቪዛውን በኢንተርኔት ያወጣሉ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ወቅቱ የሚፈቅድለትን አሠራር ከሕንድ መንግሥት የቪዛ ድረ ገጽ ወይም አዲስ አበባ ከሚገኘው የሕንድ ኤምባሲ ያረጋግጥ። አድራሻቸው በ«ጎቭ ዶት ኢን» የማያልቅ፣ ነገር ግን የመንግሥት መስለው ከፍተኛ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ገጾች አሉና ከመክፈልዎ በፊት አድራሻውን ፊደል በፊደል ያንብቡ።

ከቪዛ ባልተናነሰ ሁኔታ ሊያስቡበት የሚገባው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ ካርዱን ካላሳየ ሕንድ ሲደርስ እስከ 6 ቀን በለይቶ ማቆያ ሊቀመጥ ይችላል፤ ካርዱ ደግሞ የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጥ ሰው መርፌውን ቢወጋም አያድነውም። ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ መጥተው ዘመድ ጠይቀው ከአዲስ አበባ ወደ ዴልሂ የሚቀጥሉም ቢሆኑ፣ የያዙት ፓስፖርት የየትም አገር ይሁን፣ ይኸው ሕግ ይመለከታቸዋል።

ሌላው ጉዳይ ስም ነው። የእኛ ፓስፖርት የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ይይዛል፤ የሕንድ ቅጾች ደግሞ የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ። በቪዛው ላይ የአያትዎን፣ በፓርኩ ፈቃድ ላይ የአባትዎን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ካስጻፉ በራንታምቦር መግቢያ ላይ ክርክር ይነሣል፤ እዚያ ፈቃዱ ከፓስፖርቱ ጋር ይመሳከራልና። ስለዚህ ፓስፖርቱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አንዲት ፊደል ሳይለውጡ በሁሉም ቅጽ ላይ ይገልብጡ፤ ለአስጎብኚ ድርጅቱም ስምዎን በስልክ ከመናገር የፓስፖርቱን ቅጂ መላክ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ አስጎብኚ ድርጅት መምረጥና ውሉን ማንበብ

መኪና፣ ሹፌርና በየከተማው አስጎብኚ የሚያቀርብ ድርጅት መያዝ ለዚህ መስመር ተገቢ ነው፤ በተለይ አረጋውያንና ሕፃናት ላሉበት ቤተሰብ። ነገር ግን ብዙ ድርጅቶች የሚልኩት ወረቀት «የአግራ ጉብኝት»፣ «የዱር ጉብኝት» ከማለት አያልፍም። ቅድሚያ ክፍያ ከመላክዎ በፊት የሚከተሉት ነገሮች በጽሑፍ እንዲሰፍሩ ይጠይቁ፦ እያንዳንዱ ሥፍራ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚጎበኝ፤ የመግቢያ ዋጋዎች ተካትተው እንደሆነ፤ የሆቴሎቹ ስም፤ አስጎብኚው ከሕንድ የቱሪዝም ሚኒስቴር የተሰጠ መታወቂያ ያለው መሆኑን፤ የሹፌሩ አበልና ማደሪያ በማን እንደሚሸፈን። በራንታምቦር ደግሞ የመኪናው ዓይነትና የክልሉ ቁጥር ይጻፍ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ አብራራለሁ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡልኝ ይበሉ፦ «ጎብኚው ካልጠየቀ በቀር ወደ ሱቅ መውሰድ የለም።» ብዙ አስጎብኚዎችና ሹፌሮች ወደ ምንጣፍ፣ ወደ እብነ በረድና ወደ ፈርጥ ሱቆች ሰው ሲያመጡ ኮሚሽን ያገኛሉ፤ ኮሚሽኑም እርስዎ በሚከፍሉት ዋጋ ላይ ይታከላል። ክፋቱ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። በአግራ ግንብ ውስጥ ሊቆዩበት የሚገባው ሁለት ሰዓት ሻይ እየተጋበዙ ምንጣፍ ሲዘረጋ በማየት ያልቃል።

ስለ ሰዓትም ከአስጎብኚው ጋር በግልጽ ይስማሙ። ሕንድ ከእኛ በ2 ሰዓት ተኩል ይቀድማል፤ በዚያ ላይ እነሱ «ስድስት ሰዓት ጠዋት» ሲሉ የእኛን 12 ሰዓት ማለታቸው ነው። አብረዋቸው ላሉ ወላጆች የመነሻውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ተርጉመው በማታው ይንገሯቸው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሰዓቶች በሙሉ በሕንድ ጊዜ፣ ነገር ግን በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ደረጃ 5፦ ዴልሂ፣ ቀይ ግንብና የቅመም ገበያው

ማክሰኞ ጠዋት ከቀይ ግንብ ይጀምሩ። ንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን መናገሻውን ከአግራ ወደ ዴልሂ ሲያዛውር እ.ኤ.አ. ከ1639 እስከ 1648 ያሠራው ግቢ ነው። ወደ ሕዝባዊው የችሎት አዳራሽ ሲደርሱ አንድ ነገር ያስታውሱ፦ የጎንደሩ ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ አጋማሽ ለሻህ ጃሃን ልጅ ለአውራንግዜብ መልእክተኞችን ከነስጦታቸው ልከው ነበር። የጎንደርን ግንቦች ያየ ሰው እዚህ ሲቆም የሁለቱን ቤተ መንግሥታት ዘመነኛነት ልብ ቢል ጉብኝቱ ሌላ መልክ ይይዝለታል።

ከግንቡ በር ፊት ለፊት ቻንድኒ ቾክ የሚባለው ታላቅ የገበያ ጎዳና ይጀምራል። ንድፉ የሻህ ጃሃን ልጅ የጃሃናራ ነው ይባላል። በእግር ወይም በፔዳል በሚነዳ ሪክሾ እስከ ምዕራቡ ጫፍ ይሂዱ፤ እግረ መንገድዎን፣ እኛ አገር «ባጃጅ» የምንለው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ እዚህ በሚመረትበት አገር «አውቶ» እንደሚባል ይወቁ፤ ባጃጅ የአምራቹ ኩባንያ ስም ነው። በጎዳናው መጨረሻ ካሪ ባዎሊ የተባለው የቅመማ ቅመም የጅምላ ገበያ አለ። ገና ሳይደርሱ ጉሮሮዎ ይነግርዎታል፤ የደረቀ በርበሬ ጆንያ የሚሸከሙት ሰዎች በጠባቧ መተላለፊያ ሲያልፉ ገዢውም ሻጩም አብሮ ያስላል።

እዚህ ያለ አስተርጓሚ ለመግዛት የሚከተሉት ስሞች ይበቃሉ። «አጅዋይን» ነጭ አዝሙድ ነው፤ «ካሎንጂ» ጥቁር አዝሙድ፤ «ሃልዲ» እርድ፤ «ካሊ ሚርች» ቁንዶ በርበሬ፤ «ላውንግ» ቅርንፉድ፤ «ዳልቺኒ» ቀረፋ፤ «ኢላይቺ» ሄል። ኮረሪማ ግን የእኛ ነው፤ «ባዲ ኢላይቺ» ብለው የሚያሳዩዎት ጥቁሩና ጭስ ጭስ የሚለው ትልቁ ሄል ሌላ ተክል ነውና በኮረሪማ ምትክ ለወጥ አይግዙት። ነጭ አዝሙዱን በሁለት ጣት አሸት አድርገው ያሽትቱ፤ ሽታው ወዲያው ካልመጣ ያረጀ ነው። ቀረፋ ሲገዙ ደግሞ ቅርፊቱን በጥፍርዎ ይሞክሩት። ወፍራምና እንደ እንጨት ጠንካራ የሆነው ካሲያ የሚባለው ርካሹ ዓይነት ነው፤ ስስ ሆኖ እንደ ወረቀት ተደራርቦ የተጠቀለለው ግን እውነተኛው ቀረፋ ነው። ግዢውን በሙሉ እዚህ አይጨርሱ፤ ዘጠኝ ቀን በመኪና የሚዞር ቅመም ሻንጣዎን በሙሉ ያጥናል።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሁማዩን መቃብር ይሂዱ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ በአራት በተከፈለ የአትክልት ሥፍራ መካከል የሚቆም ጉልላታም መቃብር እንዴት እንደተጀመረ ያሳያል፤ ታጅ ማሃልን ከዚህ በኋላ ያየ ሰው የሐሳቡን እድገት በዓይኑ ይከተላል። ቀትር ላይ በያሙና የፍጥነት መንገድ ወደ አግራ ይነሡ፤ እንደ ዴልሂ መጨናነቅ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይወስዳል።

ደረጃ 6፦ አግራ

ታጅ ማሃል ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ይከፈታል፤ ያ ሰዓት እንዳያመልጥዎ። ለውጭ አገር ዜጋ መግቢያው 1,100 ሩፒ ሲሆን ወደ ዋናው መቃብር ለመግባት 200 ሩፒ ይጨመራል፤ ዋጋው ሊሻሻል ስለሚችል ከመሄድዎ በፊት ያጣሩ። ትኬቱን በዋዜማው በኢንተርኔት ይግዙ፤ ምግብ፣ ክብሪትና ትልቅ ቦርሳ ሆቴል ይተዉ፤ ፍተሻው ጥብቅ ነው።

ሙምታዝ ማሃል እ.ኤ.አ. በ1631 አሥራ አራተኛ ልጇን ስትወልድ ሞተች፤ በተከታዩ ዓመት ባለቤቷ ሻህ ጃሃን ይህን መቃብር ማሠራት ጀመረ። 1632 ፋሲለደስ ዙፋን ላይ የወጡበት ዓመትም ነው። ከበሩ ሆነው የሚነሡትን ፎቶግራፍ በፍጥነት ያንሡና ወደ ግድግዳው ይጠጉ። ነጩ እብነ በረድ ተፈልፍሎ ቀያይና አረንጓዴ የከበሩ ድንጋዮች በአበባ ቅርጽ ተገጥመውበታል፤ ጣት ሲያስኬዱበት መገጣጠሚያው አይሰማም። እውነተኛውን የአግራ እብነ በረድ ከሐሰተኛው ለመለየትም ትምህርቱ እዚሁ ነው፦ አስጎብኚው የእጅ ባትሪ ካለው አበባው ላይ ሲያበራ ብርሃኑ በድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ያበራዋል። በኋላ ሱቅ ውስጥ ሳህን ሲያሳዩዎ በስልክዎ መብራት ይህንኑ ያድርጉ። ብርሃን የማያሳልፍና በሳንቲም ሲፋቅ የሚጫር ከሆነ ለስላሳ የሳሙና ድንጋይ ነው።

ከሰዓት በኋላ የሚጎበኘው የአግራ ግንብ በብዙ መርሐ ግብሮች ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ይመደብለታል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ ጉዞ ቤተ መንግሥቶች ሁሉ ለኢትዮጵያዊ የበለጠ የሚናገረው ይህ ነው። አክባር እ.ኤ.አ. በ1565 በቀይ የአሸዋ ድንጋይ ማሠራት የጀመረው ሲሆን፣ በስተመጨረሻም የልጅ ልጁ ሻህ ጃሃን በገዛ ልጁ በአውራንግዜብ ታስሮ ከ1658 ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1666 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ የኖረበት ነው። ሙሳማን ቡርጅ ከሚባለው ባለ ስምንት ማዕዘን ሰገነት የሚስቱ መቃብር በወንዙ ጥምዝ ላይ ይታያል።

በዚሁ ግንብ የነገሠው ጃሃንጊር ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ያላስተኛው ጠላት ሐበሻ ነበር። በኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ወደ ሕንድ የደረሰው ማሊክ አምባር በደቡቡ በዴካን የአህመድናጋር ሱልጣኔት መሪ እስከመሆን ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1626 እስኪሞት ድረስ የሙጋሎችን፣ ማለትም የእነዚህን ነገሥታት ሥርወ መንግሥት፣ ጦር ደጋግሞ መልሷል። ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ያላገኘውን በሥዕል ሊያገኘው ፈልጎ፣ ራሱ በማሊክ አምባር ራስ ላይ ቀስት ሲወረውር የሚያሳይ ሥዕል አሠራ። ልጁ ሻህ ጃሃን ገና ልዑል ሳለ ማሊክ አምባርን ወግቶ፣ በኋላ በአባቱ ላይ ባመፀ ጊዜ የእሱኑ ድጋፍ ፈልጓል። አስጎብኚዎ ይህን ታሪክ ሳያነሣ ካለፈ እርስዎ ይጠይቁት፤ አብዛኞቹ ያውቁታል፣ ጎብኚው ይፈልገዋል ብለው ግን አያስቡም።

ደረጃ 7፦ በፋቴፑር ሲክሪ በኩል ወደ ባራትፑር

ዓርብ ጠዋት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አክባር ቆርቁሯት ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የተተወችውን ፋቴፑር ሲክሪን ይመልከቱ። መግቢያው አካባቢ ራሳቸውን አስጎብኚ የሚያደርጉ ወጣቶች ይከባሉ፤ ከድርጅትዎ ሰው ጋር መሆንዎን በትሕትና ተናግረው ይለፉ። ሁለት ሰዓት ይበቃል።

የባራትፑር ጥብቅ ሥፍራ፣ ኬኦላዴኦ የሚባለው፣ 29 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስፋት ያለው ረግረግ ነው። ዋናው ምክሬ ሪክሾ ነጂውን እንደ ተራ ነጂ እንዳያዩት ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን በዚያ መንገድ ሲመላለሱ የኖሩት እነዚህ ሰዎች ከቁጥቋጦ ውስጥ ጉጉትን በዓይን ለይተው ያሳያሉ። አጉሊ መነጽር ይከራዩ፣ ቅዳሜ በማለዳ ይግቡ፣ ነጂውም ሲያቆም አብረው ዝም ይበሉ።

ከሰዓት በኋላ ከባራትፑር ጣቢያ ወደ ሳዋይ ማዶፑር የሚሄደውን ባቡር ይያዙ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚወስደው ይህ ጉዞ በመኪና ግማሽ ቀን ይበላል። ማቀዝቀዣ ባለው ክፍል ቦታ ያስይዙ፤ ሻንጣዎን ቀይ ሸሚዝ የለበሰ ተሸካሚ ይያዝልዎ፤ ስሙ እንደኛው «ኩሊ» ነው። ዋጋውን ሻንጣው ራሱ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይስማሙ።

ደረጃ 8፦ ራንታምቦር

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። በአማርኛ ነብር የምንለው በእኛ አገር ያለውን፣ ጠቃጠቆ ያለበትን እንስሳ ነው፤ እሱም በራንታምቦር ይኖራል። ባለ መስመሩና ግዙፉ ሌላ እንስሳ ነው፤ ለዚህ ነው ታይገር እያልኩ የምጽፈው። የቀድሞ የጃይፑር መኳንንት የአደን ሥፍራ የነበረው ይህ ዱር እ.ኤ.አ. በ1973 ታይገርን ለመጠበቅ ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ሆነ።

ፓርኩ ለጎብኚ በ10 ክልሎች ተከፍሏል። ከ1 እስከ 5 ያሉት የጥንቱ ዋና ዱር ውስጥ ናቸው፤ ሦስቱ ሐይቆችና የፈራረሱ የአደን ቤቶችም በዚያው ናቸው። ከ6 በላይ ያሉት በዳር በኩል የሚገኙ ናቸው፤ ታይገር በእነሱም ይታያል፣ ነገር ግን ዱሩ ሳሳ ይላል። ተሽከርካሪው ሁለት ዓይነት ነው፦ ስድስት ጎብኚ የሚይዘው «ጂፕሲ» እና ሃያ የሚይዘው «ካንተር» የተባለ ክፍት የጭነት መኪና። የቤተሰቡ ቁጥር ስድስት ከሆነ ጂፕሲውን ሙሉ ይያዙት። ውሉ ላይ የክልሉ ቁጥርና የመኪናው ዓይነት ካልተጻፈ የሚመጣልዎ በአብዛኛው የተረፈው ነው። ሦስቱን ዙር በሦስት የተለያዩ ክልሎች ያድርጉ፤ ቢያንስ አንዱ 3 ወይም 4 ይሁን።

የጠዋቱ ዙር በየካቲት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጀምራል። በክፍት መኪና የማለዳው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢ ይዘው የመጡ ወላጆች ከእኔ ውድ ጃኬት ይልቅ ተመችቷቸው አይቻለሁ። ደማቅ ቀለምና ሽቶ ይተዉ፤ ፓስፖርቱን ግን አይርሱ።

በዱር ውስጥ መፈለግ ያለብዎት ታይገሩን ሳይሆን ድምፁን ነው። ሹፌሩ በየጊዜው ሞተሩን አጥፍቶ ያዳምጣል። ሳምባር የሚባለው ትልቅ አጋዘን አደጋ ሲያይ እንደ ባዶ በርሜል ምት ያለ አጭር ድምፅ ያወጣል፤ ላንጉር የሚባለው ጦጣ ከዛፍ ጫፍ ላይ እያሳለ ወደ አንድ አቅጣጫ ያፈጣል። አንድ እሑድ ጠዋት አስጎብኚያችን በትቢያው ላይ ያለ ዱካ አሳየን፤ የእጄን መዳፍ ያህላል፣ ጠርዙ ገና አልተናደም፣ ጤዛው በዙሪያው እንጂ በውስጡ አልነበረም። «ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም» አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆየን በኋላ ሳምባሩ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ከዚያ ሴቷ ታይገር ከሣሩ ወጥታ ከመኪናው ፊት መንገዱን ቀስ ብላ ተሻገረች፤ አንድም ጊዜ ወደ እኛ አልተመለከተችም።

ሹፌሩ ሌሎቹን መኪኖች ለመቅደም እንዲሮጥ በጉርሻ አይግፋፉት። መኪኖች ሲከቧት መንገዷን የምትቀይር እንስሳ ናት፤ የሚጎዳው ደግሞ እሷም፣ ከኋላ ያለው ጎብኚም ነው።

ደረጃ 9፦ ጃይፑር

ሳዋይ ጃይ ሲንግ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1727 የመሠረታት ጃይፑር ቀጥ ባሉ ሰፋፊ ጎዳናዎች የተቀየሰች ከተማ ናት፤ ሮዝ የሆነችውም እ.ኤ.አ. በ1876 የእንግሊዝን አልጋ ወራሽ ለመቀበል ስትቀባ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ከከተማው 11 ኪሎ ሜትር ላይ ወዳለው የአምበር ግንብ በማለዳ ይሂዱ። በዝሆን ላይ የሚያወጡ አሉ፤ እኔ ግን ለእንስሳቱ ጤና ስል በእግር ወይም በጂፕ ይውጡ እላለሁ። በመስተዋት ቁርጥራጮች ባጌጠው አዳራሽ ውስጥ ቀና ብለው ጣሪያውን ይመልከቱ።

ከሰዓት በኋላ ጃንታር ማንታር የሚባለውን የሰማይ መመልከቻ ግቢ ይጎብኙ። 27 ሜትር ቁመት ያለው የድንጋይ የፀሐይ ሰዓት በሁለት ሰኮንድ ልዩነት ጊዜን ይናገራል። ጣትዎን በጥላው ጠርዝ ላይ ያድርጉና አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፤ ጥላው ጣትዎን ትቶ ሲሄድ በዓይንዎ ያያሉ። ልጆች ይዘው ከሄዱ ከቤተ መንግሥቱ ሁሉ የሚያስታውሱት ይህን ይሆናል። ጎኑ ባለው የከተማው ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ማሃራጃው፣ ማለትም የጃይፑር ንጉሥ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ወደ ለንደን ሲሄድ የጋንጅስን ውሃ የወሰደባቸው ግዙፍ የብር እንስራዎች ቆመዋል። ሃዋ ማሃል የሚባለው ቤተ መንግሥት ደግሞ ከፊት ለፊቱ ካለ ሻይ ቤት ሰገነት በጠዋት ብርሃን ቢታይ ይበቃል።

ረቡዕን ለገበያ ይተዉ። ባፑ ባዛር ለጨርቅና ለቆዳ ጫማ፣ ጆሃሪ ባዛር ለጌጣጌጥ ይታወቃሉ። በትሪፖሊያ ባዛር አጠገብ ማኒሃሮን ካ ራስታ በምትባል ጠባብ መንገድ ላይ አምባር ሠሪዎች ላክ የተባለውን የቀለጠ ሙጫ በከሰል ላይ እያሞቁ፣ የእጅዎን አንጓ ለክተው እዚያው ያጠብቁልዎታል። ዋጋ ሲከራከሩ የተጠራልዎትን ግማሽ ብለው ይጀምሩ፣ ልብዎ ያልወደደውን ግን ከቶ አይጥሩ፤ ሻጩ ከተስማማ በኋላ ትቶ መሄድ እዚያም እንደ ነውር ይቆጠራል። ወርቅ የሚገዛ ሰው የመንግሥትን የጥራት ማኅተምና ስድስት ፊደላትና ቁጥሮች ያሉበትን መለያ በጌጡ ላይ ይፈልግ፤ 22 ካራት «916» ተብሎ ይጻፋል። በመንገድ ላይ የተዋወቀዎት ሰው «እነዚህን ፈርጦች ወደ አገርዎ ያድርሱልኝ፣ በእጥፍ ይሸጣሉ» ካለዎት ወዲያውኑ ይለዩት፤ ይህ በጃይፑር የቆየ የማጭበርበሪያ መንገድ ነው።

ደረጃ 10፦ የመመለሻው ቀን

ጃይፑር ከዴልሂ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በረራው የማታ ቢሆንም ከጃይፑር ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ይነሡ። ጊዜ ከተረፈ ካሪ ባዎሊ ጎራ ብለው ያስቀሩትን ቅመም ይግዙ፤ ሐሙስ ገበያው ሙሉ ነው። ዱቄት የሆነውን ትተው ያልተፈጨውን ይምረጡ፣ ሻጩ በሁለት ፌስታል አሽጎ በፕላስተር እንዲያስርልዎ ይጠይቁና በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልለው ያስገቡት። የሹፌሩን ጉርሻ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ግርግር ሳይኖር፣ በፖስታ አድርገው፣ በሁለት እጅዎ ይስጡት፤ አሥር ቀን ሙሉ ቤተሰብዎን በሰላም የነዳው እሱ ነው።